ጅቧ ስንት ወለደች?

ፀሐይ ወጥታ ሳለ ዝናብ ከወረደ፣ ጥሊሊ ላይ ጅብ ወልዳለች ማለት ነው። አትሳቁ። አዲስ አበባም «ጅብ ወለደች» ይባላል፣ ጎንደርም ይባላል። እነሱ ግን ወለደች ብለው ዝም ነው። የእኛይቱ ስንት እንደወለደች፣ የት እንደወለደች፣ ምጡ እንዴት እንደነበር ሁሉ ይታወቃል። የሚያውቀውም አንድ ሰው ነው፤ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም።

ቀረብ በሉማ። ቆሎውንም ወዲህ አዙሩት፤ ትረካ በባዶ አፍ አይሆንም።

ጥሊሊን የማያውቅ ካለ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና ድንች፣ ቀርከሃና ባሕር ዛፍ፣ ፈረስና ጭጋግ። ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይደፈናል፤ ደጅ መውጣት ይቀርና ልጁ ሁሉ ምድጃ ዙሪያ ይኮለኮላል። ያን ያህል ልጅ አንድ ቤት ታጉሮ ሲውል ያለው መላ ሁለት ነው፤ ወይ መግረፍ፣ ወይ መዋሸት። አጎቴ ደግሞ ልጅ መግረፍ አይሆንለትም ነበር።

እና አንድ ቀን፣ ነሐሴ ላይ ይመስለኛል፣ ዝናቡ እየወረደ ፀሐይ ብልጭ አለች። «ጅብ ወለደች!» ተባለ። ሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እኛ ግን ጠያቂዎች ነን።

«ስንት ወለደች?» አልነው።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ትንሽ አሰብ አደረገ። «ሦስት ወንድና አንዲት ሴት። ሴቲቱ የግራ ጆሮዋ ታጠፍ ያለ ነው» አለን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «አራት» አላለም። አራት ያለ ሰው ገምቶ ይሆናል፤ የግራ ጆሮ የሚል ሰው ግን አይቷል። ድፍን ቁጥር አጎቴ ከአፉ አይወጣም ነበር።

«የት ነው የወለደችው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ቀርከሃው ውስጥ።»

ቀርከሃው ከደጃችን ይታያል፤ ውስጡ ግን በጠራራ ፀሐይም ድንግዝግዝ ያለ ነው። ቦታ ሲመርጥም እንዲህ ነበር፤ ዓይን የሚደርስበት፣ እግር የማይደፍረው።

ታላቅ ወንድሜ ነገር ሁሉ በወጉ እንዲሆን የሚፈልግ ልጅ ነው። «አራስ ናት፤ ገንፎ ይገባታል» አለ። ማን ይከራከራል? እናታችን ጎረቤት ቡና ልትጠጣ በወጣችበት የገብስ ዱቄቱን አወረድን፣ ውኃ ጣድን። ገንፎ ሆነ ማለት ይከብዳል፤ ግማሹ ጓጉሏል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። መሐሉን ግን ጎድጎድ አድርገን ቅቤውን ሞላንበት። በርበሬውን ተውነው፤ አራስ ሆዷን ያቃጥላታል ብለን። ከዚያ ይዘን ወንዙ ዳር ወረድን፤ ቀርከሃው ጥግ አስቀመጥንና ወደኋላችን ሮጥን። ቆም ስንል ደግሞ እልልታው ትዝ አለን።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ሦስት ወንድ፣ አንዲት ሴት፤ እናንተው ደምሩት፣ ሃያ አራት። አንዷንም አላጎደልንም። ከወዲያ ሰፈር አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ። «እሰይ! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ማን ናት የተገላገለችው?»

«ጅብ!» አልናቸው።

ምርቃቱ ከአፋቸው ወጥቷል፤ አይመለስ ነገር። አማተቡና ገቡ።

በማግሥቱ ስንሄድ ሳህኑ ተልሶ ተወልውሏል። በሰፈሩ ቅቤ የሚወድ አንድ ቡችላ ነበር፤ ያኔ ግን የጠረጠረው የለም። አጎቴ «እግዜር ይስጥልኝ ብላለች፤ ጨው ግን አንሶታል አለች» አለን። እናታችን ስለ ቅቤው ያለችው ከዚህ ትረካ ውጭ ይሁን።

ኋላ ሳድግ እንደሰማሁት፣ በዚያች በፀሐይዋ ዝናብ ጃፓን አገር ቀበሮ ትሞሸራለች አሉ። የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ጋ የሚያገባው ጦጣ ነው። ሁሉም ሠርግ ላይ ነው የቀሩት፤ የእኛዋ ቀድማ ወልዳለች።

ጅብን ካነሣን አይቀር፣ ሌላም አለ። ማታ ማታ ጅብ ሰውን በስሙ ይጠራል ይባል የለ? አንድ ጊዜ ሲጠሩህ «አቤት» አትበል፤ ሰው ከሆነ ይደግምልሃል፣ ጅብ ከሆነ አንድ ጊዜ ብሎ ይተዋል። ልጅ በምሽት እንዳይወጣ የተፈለሰፈች ቆንጆ ውሸት ናት። ችግሩ፣ እኛ በጣም አመንናት። እናታችን ሲመሽ ከጓሮ ሆና ስትጣራ ዝም ነው። ትደግማለች፤ እኛ እንመካከራለን፦ «ድምፁ የእሷ ነው ወይስ እሷን አስመስሎ ነው?» ሦስተኛው ላይ ስድብ ሲቀላቀልበት ያን ጊዜ «አቤት እማዬ!» እንላለን። ጅብ እንዲህ አድርጎ መሳደብ አይችልበትማ። ውሸት እንዲህ ናት፤ ለልጅ ያበጇት፣ ተመልሳ ያበጃትን ሰው ደጅ ላይ በዝናብ ታቆመዋለች።

«ምራቄ ሳይደርቅ ድረስ» የምትለዋንስ? ትልቅ ሰው ጨው ግዛ ብሎ ይልክሃል፤ መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይቺ ሳትደርቅ ተመለስ!» ይላል። ብትደርቅስ? ያንን የጠየቀ የለም። እንደ ንፋስ ሄደህ እንደ ንፋስ ትመለሳለህ፤ መጀመሪያ የምታየው መሬቱን ነው። ይህች ዘዴ አዲስ አበባ ላይ በበጋ ትሠራለች፤ የጥሊሊን ክረምት ግን አልቻለችውም። ነሐሴ ላይ ምራቅ ቀርቶ ልብስም በሳምንቱ አይደርቅ። ይህን የነቁት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲላኩ መንገድ ላይ ሱዚ ዘልለው፣ ገበጣ ተጫውተው ነበር የሚመጡት።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እሷ የተገዛች ናት።

ልጅ ከየት ይመጣል ሲባል የማይዋሽ እናት አለች እንዴ? ከወንዝ አገኘንህ የሚል አለ፣ ከድልድይ ሥር አነሣንህ የሚል አለ። እናታችን የነጋዴ ልጅ ናትና ውሸቷ ገበያ ገበያ ይሸታል። ታናሽ እህቴ ስትወለድ ታላቅ ወንድሜን «ከጥሊሊ ገበያ ነው የገዛናት። በግ ልንገዛ ሄደን በጉ ተወደደብን፤ በእሱ ፈንታ እሷን ይዘን ገባን» አለችው። እሱ ምንም አላለም። ለወራት አጠናት። ታለቅሳለች። ሣር አትበላም። ማታ አታስተኛም። የሆነ ቀን በዓል ተቃረበና አባታችን «ዘንድሮ በግ ረክሷል» ሲል ሰማ።

የገበያው ዕለት አንቀልባዋን ፈልጎ አዘላት። ገና ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ቀጥ ብሎ በግ ተራ ገባና አንድ ፂማም ነጋዴ ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ ይቺን ወስዳችሁ በግ መልሱልን» አለ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሰውየው ጥሊሊ የበቀለ ነው፤ አልሳቀም። ዱላውን ተደግፎ ጎንበስ አለ፤ አፏን በጣቱ ከፈት አድርጎ ድዷን አየ። «ጥርስ አላወጣችም» አለ። ወገቧን ዳሰሰ። «ለሙክት ነው ለጠቦት የምትለውጣት?»

«ለሙክት።»

«ስንት ትጨምራለህ?»

ወንድሜ ኪሱን ዳበሰ፤ የነበረችው አንዲት ስሙኒ ናት። ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱ ይሄኔ ፂሙን አይታ ጩኸቷን አቀለጠችው። «አየህ፣ ይቺ የእኛ ዕቃ አይደለችም» አለ ነጋዴው፤ «እኛ ለእናትህ የሸጥናት ዝምተኛ ነበረች። ለውጠህብናል።»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደም ሥሩ ተገተረ። ያችው ናት ብሎ ማለ፤ ምስክር ጠራ። በግ ተራው ግማሹ «ያችው ናት!» ግማሹ «አይደለችም!» እያለ ሲከራከር እናታችን ነጠላዋ ከኋላዋ እየተጎተተ ደረሰች። የዚያን ዕለት የተገረፈ የለም፤ ሳቅ ክንዷን አስሮታል። ከዚያ ወዲያ ግን ለተወለዱት ሁሉ ገበያውን ለወጠችው። «ከባሕር ዳር ነው የገዛናችሁ» ነው የምትላቸው። ባሕር ዳር በእግር ተሂዶ አይመለስማ። አጎቴ ይህን ሲሰማ «አሁን ገና ገባት» አለ።

እሱ ራሱ ግን አንድ ጊዜ ተበልቷል። ቤታችን ከአስፋልቱ ብዙ አይርቅም። ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መኪና ሁሉ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው፤ አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነች፤ መሐል ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። እናም አጎቴ ጆሯችንን በሁለት መዳፉ ጭምቅ ያደርግና ብድግ ያደርገናል። «አዲስ አበባ ታየህ?» አልታየኝም ካልክ ከፍ ያደርግሃል፤ ጆሮህ ሊበጠስ ይደርሳል። ስለዚህ ለሁላችንም በመጀመሪያው ታየን። አንድ የጎረቤት ልጅ ብቻ አላርፍ አለ። «ታየችኝ፤ ለገሃር የቆመው አንበሳም ታየኝ። ያ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት የነበረው፣ ኋላ የተመለሰው» አለ፣ እግሩ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ። ከአንድ የአውቶቡስ ረዳት የሰማው ነው። አጎቴ ቀስ አድርጎ አወረደው። አዲስ አበባን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ፊቱን ወዴት አዙሯል?» ሲል ጠየቀ። «ወደ ከተማው። ጭራው ወደ ባቡር ጣቢያው ነው።» አጎቴ ቅር አለው፤ የአንበሳው መዘረፍና መመለስ እውነት መሆኑ ሳይሆን፣ ልጁ ጭራውን መጨመሩ።

ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ተፎካካሪ በዛ። አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርባ ዓመት ያህል የአገሩን ልጅ ተረት አጠጥተዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ሳጥኑ ፊት የተኮለኮለው ሁሉ ቆሞ ነበር አፀፋውን የሚመልሰው። የቤቱ ትልልቅ ሰዎችም ደንበኛ መሣሪያ አገኙ፦ «አፍንጫህን አትጎርጉር፤ አባባ ተስፋዬ እያዩህ ነው!» እሳቸው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሱት ልጆች አልነበሩም፤ ሽበታሞች ነበሩ።

ይኼን ሁሉ ያመንን ልጆች አጎቴን «ውሸታም!» ያልነው አንድ ቀን ነው። ያን ቀን እውነት ነበር የተናገረው።

«ከዚህ ከጥሊሊ በምትገነጠለዋ መንገድ ብትሄዱ ሰከላ ትደርሳላችሁ። እዚያ ግሽ ዓባይ አለች። ጠበል ናት፤ ምንጯ ትንሽ ናት፤ እናንተ እንኳ ትሻገሯታላችሁ። ከእሷ የወጣው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅን ያጠጣል» አለን። ምድጃው ዙሪያ ሳቅ ሆነ። ልጅ የሚሻገረው ምንጭ ግብፅን ሊያጠጣ! ታላቅ ወንድሜ እንኳ፣ ጅብ ያረሰው ልጅ፣ «ይኼስ በዛ» አለ። ለልጅ የሚነገር ውሸት በልኩ ተለክቶ ነው የሚሰፋለት፤ እውነት የሰው ቁመት አትጠይቅ፣ ሰፍታ ነው የምትመጣው።

በዚችው ምንጭ የተነሣ አንድ ፈረንጅም ውሸታም ተብሏል። ስሙ ጄምስ ብሩስ ነው፤ ስኮትላንዳዊ፣ ቁመተ ረጅም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ደረሰ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወልዶ የሚባለው መሪው ድንገት ታመመ። አልችልም፣ ከዚህ አላልፍም አለ። ብሩስ ሕመሙን ወዲያው አወቀው፤ ሕመምተኛው ዓይኑን ከብሩስ ወገብ ላይ፣ ከቀዩ የሐር መቀነት ላይ አልነቀለም። መቀነቱ ተፈታ፣ ለወልዶ ተሰጠ፤ ወልዶ ዳነ። ከዚያ ምንጯን በጣቱ አሳየው። ፈረንጁ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ፤ የአበባ ሥር እየጠለፈው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ደርሶም ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውኃውን ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው ወልዶን ነው። የአካባቢያችንን ጥበብ ለዓለም ታሪክ ያስመዘገበ እሱ ነው።

ብሩስ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር፣ ከቁም ከብት ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ሲል፣ ለንደን ሳቀበት። እ.ኤ.አ. በ1790 አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ቢያሳትምም አላመኑትም። በ1792 ጭራሽ የባሮን ሙንሃውዘን ተከታይ መጽሐፍ ወጣ። ያ ባሮን በመድፍ ጥይት ላይ ተቀምጦ የበረረው፣ የዋሾዎች ሁሉ አለቃ ነው። መጽሐፉ ለማን መታሰቢያ ተደረገ? ለአቢሲኒያው ተጓዥ ለአቶ ብሩስ! ይኼ ሰው በእውነቱ ተሰደበ እንጂ ውሸቱስ ሌላ ነበር። ከእኔ በፊት አንድም አውሮፓዊ ምንጯን አላየም ብሏል፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል እስፓኛዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1618 ቆሞባታል። ብሩስ ይህን እያወቀ ነው የካደው። በረሃና ጦርነት ያልገደለው ሰውዬ መጨረሻው ገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ተንሸራትቶ መሞት ሆነ። ይህንንም ለልጆች ብትነግሩ አያምኗችሁም።

የቀረችኝ ዘንገና ናት።

ዘንገና ከእንጅባራ አፍንጫ ሥር ያለች ክብ ሐይቅ ናት። ዙሪያዋ ደን፣ ውኃዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳሯ ወዲያው ገደል። አጎቴ ስለ እሷ የሚተርከው ትልቁ ሥራው ነው። ታሪኩ የጥር 23 ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ ያ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በዓሉን እንጅባራ ላይ ያከብራል። ፈረሱ በዛንጥላና በቀለም አጊጦ፣ ጃኖ ለባሹ ሜዳውን ሞልቶት። እና አንድ ፈረሰኛ ጠላውን ጠጥቶ ሲመለስ ፈረሱ ከነኮርቻው ዘንገና ገባበት። ሰውየው ዋኝቶ ወጣ። ፈረሱ ጠፋ። አለቀሰ፣ ድንኳን ሊጥል ምንም አልቀረው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ደርዘን ብሎ አይደፍንም አላልኳችሁም? ፈረሱ ከሌላ ሐይቅ፣ ከጥርባ ብቅ አለ፤ ከነኮርቻው፣ ከነዛንጥላው፣ ጋማው ሹሩባ ተሠርቶ።

«ማን ሠራው?» አልነው።

«እንዴት አውቃለሁ? እኔ እዚያ ውስጥ አልገባሁ» ነው መልሱ። መሐላ የለም፣ ማብራሪያ የለም። አዋቂ ዋሾ የማያውቀውን አላውቅም ይላል።

አሁን አርጅቷል። ያች ለበግ ልትለወጥ የነበረችው እህቴ ልጅ ወልዳ፣ ልጇም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ስትመጣ አጠገቡ ተቀምጣ ስልኳን እየጎረጎረች «አባባ፣ ዘንገናን እኮ የፈጠራት እሳተ ገሞራ ነው። ፈንድቶ ጉድጓድ ሆነ፤ ከዚያ ውኃ ሞላበት» አለችው።

«እሳት ነው ውኃውን ያመጣው?»

«በለው እንግዲህ።»

አጎቴ ለልጅቱ ያለውን አክብሮት ለመደበቅ ጋቢውን ሰበሰበ። «ጥልቀቷስ?»

«166 ሜትር።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መቶ ቢሉት፣ ሁለት መቶ ቢሉት ይስቅ ነበር። «መቶ ስድሳ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ፤ «ያችን ስድስት የጨመራት ሰው አዋቂ ነው። ከእሷስ የሚጠልቅ አለ?»

ልጅቱ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «አለ፤ ሻላ። 266 ሜትር።»

«ተዪኝ» አለ እጁን እያወናጨፈ፤ «እነዚያ ደግሞ ከእኛ ገልብጠው መቶ ጨመሩበት።»